ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ያጡት ወዶ ዘማቾች

ቺካጎ እንጀምር። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 31 ቀን 1935 ነው። ጥቁሮች በሚኖሩበት በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል፣ 47ኛው መንገድ አካባቢ ሕዝብ ግጥም ብሏል። ሙሶሊኒ ጦሩን በመርከብ ወደ ምፅዋ እያጋዘ ነው፤ ኢትዮጵያ ልትወረር ነው። ከንቲባው ሰልፉን ከልክለዋል። ፖሊስ ዱላውን ጨብጦ በየመንታ መንገዱ ቆሟል። ታዲያ በዚያ መሐል ሕዝቡ ቀና ሲል አንድ ጥቁር ሰው ከፎቅ ጣሪያ ላይ ቆሞ ይናገራል። ስለ ኢትዮጵያ ነው የሚናገረው። ፖሊሶች ደረጃውን እየሮጡ ወጥተው ያዙት። እሱን ይዘው ሲወርዱ ሌላ ሰው ከሌላ ጣሪያ ላይ ብቅ ብሎ ካቆመበት ቀጠለ። ወደዚያ ሲሮጡ ደግሞ ሌላው ተነሣ።

ያ መጀመሪያ የተያዘው ሰው ኦሊቨር ሎው ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፤ በዚህ ትረካ ደጋግሜ አነሣዋለሁ። ትውልዱ ቴክሳስ ነው። ስድስት ዓመት በአሜሪካ ጦር ውስጥ፣ ጥቁሮች ለብቻቸው በተመደቡበት 24ኛው እግረኛ ሬጅመንት አገልግሏል። ከጦሩ ሲወጣ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራ፣ ቺካጎ መጥቶ ታክሲ ነዳ፣ ወደብ ላይ ዕቃ ጫነ፣ አወረደ። የኢኮኖሚው ድቀት ሲመጣ እንደ ሚሊዮኖቹ ሥራ አጣ። ሥራ አጦችን ሲያደራጅ በፖሊስ ተደበደበ፣ ታሠረ፤ ኮሚኒስት ፓርቲም ገባ። እንግዲህ ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ይህ የቺካጎ ሠራተኛ ነው ለእኛ ብሎ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የታሠረው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ያኔ በሐርለምና በቺካጎ፣ ጥቁሮች በሚኖሩበት ከተማ ሁሉ የሆነውን ብታዩ! ሥራ የሌለው ጎልማሳ፣ የባቡር አስተናጋጁ፣ የቄራው ሠራተኛ፣ በሺዎች እየተሰለፈ ለኢትዮጵያ ልዝመት ብሎ ስሙን አስመዘገበ። መንግሥታቸው ግን በፈረንጆቹ 1818 የወጣ አሮጌ ሕግ መዝዞ አወጣ። አሜሪካዊ ሆኖ ለሌላ አገር ጦር የተመዘገበ በገንዘብና በእስራት ይቀጣል ተባለ። በዚያ ላይ መሻገሪያ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ከጥቂቶች በቀር መንገዱ ተዘጋባቸው። ከጥቂቶቹ አንዱ የቺካጎው አውሮፕላን አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ነው፤ እሱ አዲስ አበባ ደርሶ በጃንሆይ አየር ኃይል በረረ፣ በኋላም ተመልሶ መጥቶ አብራሪዎቻችንን አሠልጥኖ እዚሁ አዲስ አበባ አረፈ። የእሱ ታሪክ ለብቻው የሚተረክ ነው።

መሄድ ያልቻለው ደግሞ ላከ። በሐርለም ሆስፒታል የሚሠሩ ነርሶች ገንዘብ አዋጥተው፣ ፋሻና መድኃኒት ሰብስበው ለኢትዮጵያ ቁስለኞች ላኩ። ከነርሶቹ መሐል ሳላሪያ ኪ የምትባል ወጣት ነበረች። ያደገችው ኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ ነው። የጥቁር ነርሶችና የነጭ ሠራተኞች የመመገቢያ ጠረጴዛ ተለይቶ ሲቀመጥ አይሆንም ብላ ከጓደኞቿ ጋር ታግላ ያስቀየረች ልጅ ናት። እሷንም ያዙልኝ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ጃንሆይ ጄኔቭ ሄደው በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ተናገሩ፤ ማኅበሩም ሰምቶ ዝም አለ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚያ ንግግር በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ጁላይ 17 ቀን 1936፣ የእስፔን ጄኔራሎች ሕዝብ በመረጠው የሪፐብሊክ መንግሥት ላይ አመፁ።

እስፔን ያን ጊዜ ድሃ አገር ነበረች። በደቡቧ መሬቱ የጥቂት ባላባቶች፣ ጉልበቱ የጭሰኛው ነበር። በፌብሩዋሪ 1936 የግራ ክንፍ ፓርቲዎች ተባብረው ምርጫ ሲያሸንፉ፣ መሬት ይከፋፈላል፣ ትምህርት ይስፋፋል ተባለ። ባላባቱ፣ ከፍተኛው የጦር መኮንንና አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሹም ይህን አልወደዱትም። ካመፁት ጄኔራሎች አንዱ፣ ፍራንኮ፣ የቅኝ ግዛቱን ጦር ይዞ ከሞሮኮ ተነሣ፤ ባሕሩን የሚሻገርበት ግን አልነበረውም፤ የመርከበኛው ወገን ለሪፐብሊኩ ታማኝ ነበርና። ማን አሻገረው? ሒትለርና ሙሶሊኒ አውሮፕላን ላኩለት። በአማራና በትግራይ ገበሬ ላይ መርዝ ሲረጭ የከረመው የሙሶሊኒ መንግሥት፣ የአዲስ አበባ ድል በዓሉ ገና ሳይበርድ ቦምብ ጣዮቹን ወደ እስፔን አዞረ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ በጠቅላላው ከ70 ሺህ በላይ የጣሊያን ወታደር እስፔን ገብቷል።

እንግሊዝና ፈረንሳይስ? ጣልቃ አንገባም የሚል ስምምነት አወጡ። ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አይሸጥም አሉ። ይህን ዘዴ እኛ ቀድመን ቀምሰነዋል፤ ፋብሪካ ያለውንና የሌለውን እኩል ከለከልን ማለት የሌለውን ማስገደል ነው። አሜሪካም መሣሪያ ከለከለች፤ ቴክሳኮ ኩባንያ ግን ለፍራንኮ በዱቤ ነዳጅ ይልክ ነበር።

መንግሥታት እጃቸውን ሲያጣጥፉ ሠራተኞች ተነሡ። ከዌልስ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች መጡ። ከሊቨርፑል ወደብ ጫኝና አውራጆች መጡ። ከሒትለር እስር ቤት ያመለጡ ጀርመናውያን፣ በሙሶሊኒ የተሰደዱ ጣሊያናውያን፣ በፈረንሳይና በቤልጅየም ጉድጓድ ውስጥ ከሰል የሚቆፍሩ ፖላንዳውያን፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የአይሁድ ልብስ ሰፊዎች መጡ። በጠቅላላው ከ50 ያህል አገሮች ወደ 35 ሺህ ሰው ይሆናል። ዓለም አቀፍ ብርጌዶች ተባሉ፤ ማሠልጠኛቸውም አልባሴቴ ከተማ ሆነ። ተማሪም፣ መምህርም፣ ደራሲም ነበረባቸው፤ ስማቸው በመጽሐፍ የበዛው እነሱ ናቸው። ብዙውን ምሽግ የሞላው ግን ሠራተኛው ነው።

ከአሜሪካ ወደ 2,800 ሰው ሄደ። ከእነዚህ ውስጥ ጥቁሮቹ ሰማንያ ዘጠና ያህል ናቸው፤ አንዱ ኦሊቨር ሎው ነው። ሌላው ጄምስ ዬትስ ነው፤ የሚሲሲፒ ልጅ፣ በቺካጎ ቄራዎች የሠራ፣ በባቡር ላይ ምግብ ያስተናገደ። ዬትስ ኋላ የሕይወቱን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፏል፤ መጀመሪያ ልቡ የነበረው ኢትዮጵያ ላይ እንደሆነ እዚያ ይናገራል። ብዙዎቹ እንዲሁ ነበሩ። ኢትዮጵያ ደርሰው ሙሶሊኒን ሊገጥሙ ያልቻሉ ሰዎች፣ ያው ጠላት እስፔን ሲገባ እዚያው ሄደው ሊገጥሙት ቆረጡ።

አካሄዳቸውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ 96 ሰዎች ኖርማንዲ በምትባለው መርከብ ዲሴምበር 26 ቀን 1936 ከኒው ዮርክ ተነሡ። መርከቡ ላይ እንዳትተዋወቁ፣ በቡድን እንዳትሄዱ ተብለዋል። ሁሉም ቱሪስት ነኝ ይላል፤ ግን እጁ የሻከረ፣ በሕይወቱ ሽርሽር የማያውቅ፣ ከአንድ መደብር የተገዛ አንድ ዓይነት ሻንጣ የያዘ ቱሪስት! ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ ፓስፖርቱ ላይ ለእስፔን አያገለግልም የሚል ማኅተም መምታት ጀመረች። ፈረንሳይም ድንበሯን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ፒሬኔ ተራራ ሆነ።

ጉዞው በሌሊት ነው። ኮንትሮባንድ የለመዱ የአገሩ ሰዎች ይመራሉ። ጫማችሁን አውልቁ ይባልና በገመድ የተሠራ ነጠላ ጫማ ይሰጣል፤ ድንጋይ ላይ ድምፅ አያሰማም። ሲጋራ የለም፣ ወሬ የለም፣ ማሳል የለም። ከፊት ያለውን ሰው ጀርባ እያዩ ሌሊቱን ሙሉ ሽቅብ ነው። ከፋብሪካ ወለልና ከመርከብ ሆድ ሌላ የማያውቅ ሰው በበረዶው ጫፍ ላይ ሲነጋበት፣ ከታች እስፔን ተዘርግታ ያያታል። በባሕር የሄዱም ነበሩ። በሜይ 1937 ሲውዳድ ደ ባርሴሎና የምትባለው መርከብ ወዶ ዘማቾችን ጭና ስትሄድ ከባሕር ሰርጓጅ በተተኮሰ ቶርፔዶ ተመታች፤ ብዙዎቹ የእስፔንን ምድር ሳይረግጡ ሰጠሙ።

አሁን ወደ ጃራማ እወስዳችኋለሁ። ጃራማ ማድሪድ አጠገብ ያለ ወንዝ ነው። በፌብሩዋሪ 1937 የፍራንኮ ጦር ወንዙን ተሻግሮ ከማድሪድ ወደ ቫሌንሲያ የሚወስደውን መንገድ ሊቆርጥ ገፋ። ያ መንገድ ከተቆረጠ ማድሪድ ትራባለች። አሜሪካውያኑ የአብርሃም ሊንከን ሻለቃ ተብለው ተደራጅተዋል፤ ግን ሥልጠናቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ወደ ግንባር ሲጓዙ ካሚዮኖቹ መንገድ ላይ ቆሙና እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ጥይት ወደ ኮረብታው እንዲተኩስ ተደረገ። ለብዙዎቹ ጠብመንጃ ሲተኩሱ የመጀመሪያቸው ነው። ሁለት ካሚዮን ደግሞ መታጠፊያውን ስተው በቀጥታ ጠላት ውስጥ ገቡ፤ በውስጣቸው የነበሩት ሰዎች አልተመለሱም።

እዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያውን እንግለጥ። በዚያው ወር፣ የካቲት 12 ቀን 1929፣ አዲስ አበባ ላይ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በሙሶሊኒ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ሦስት ቀን ከተማው በደም ታጠበ። ከአምስት ቀን በኋላ አርበኛው ራስ ደስታ ዳምጠው ተረሸኑ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ የካቲት 20፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 27፣ የሊንከን ሻለቃ ፒንጋሮን የሚባለውን ኮረብታ እንዲያጠቃ ታዘዘ። እነዚህ ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው ወሬው አልደረሰውም። ግን በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ በሁለት አህጉር ለአንድ ጠላት ደማቸው ፈሰሰ፤ እኔ እነዚህን ቀኖች ለያይቼ ማስታወስ አልችልም።

የዚያን ዕለት አውሮፕላን ይመጣል ተባለ። ታንክ ይመጣል፣ መድፍ ይቀድማል ተባለ። አውሮፕላኖቹ የሚያጠቁበትን አቅጣጫ እንዲያዩ ነጭ ጨርቅ መንገዱ ላይ ይነጠፍ ተብሎ ሁለት ልጆች ይዘውት ወጡ፤ ሁለቱም እዚያው ጨርቁ አጠገብ ወደቁ። መድፉ ከቁጥር የሚገባ አልሆነም፤ ታንኩም ቀረ። የሻለቃው አዛዥ ሮበርት ሜሪማን በስልክ፣ ይህ ጥቃት መጨፍጨፍ ነው ብሎ ተከራከረ። ከበላይ የመጣው መልስ ውጡ የሚል ነው። ወጡ። ሜሪማን ከምሽጉ ብቅ ከማለቱ ትከሻው ላይ ተመታ። የወይራ ዛፎች ሥር የጠላት መትረየስ ሲያርሳቸው ዋለ። ሲመሽ ዝናብ መጣ፤ ቁስለኛው በዝናብ ውስጥ እየጮኸ አደረ። በዚያ አንድ ቀን ከመቶ በላይ ሞቱ፤ ቁስለኛው ከዚያ ይበዛል። አሎንዞ ዋትሰን የሚባል ወዶ ዘማችም በዚያው ወር በጃራማ ወድቋል፤ በእስፔን የሞተ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው።

ያንን ትእዛዝ የሰጡትን አለቆች ይቅር ለማለት ይከብደኛል። በብርጌዶቹ አዛዦች ዘንድ ከባድ ጥፋት ነበረ፤ ድፍረትን ከዕውቀት የሚያስቀድም፣ ተጠራጥሮ የራሱን ሰው የሚያስር፣ አንዳንዴም የሚረሽን ነበረባቸው። የስታሊን ጥላ እስፔን ድረስ ደርሷል። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ሟቾቹን እበድላለሁ። ቢሆንም መንገዱ አልተቆረጠም፤ ማድሪድም አልወደቀችም። የተረፉት እስከ ጁን ድረስ በዚያ ምሽግ ጭቃና ቅማል ውስጥ ቆዩ።

ሎው በዚህ ውጊያ መትረየስ ክፍል ውስጥ ነበር። የጦር ሠራዊት ልምድ ያለው ሰው ብርቅ በሆነበት ቦታ ስድስት ዓመት ያገለገለ ወታደር ምን ያህል እንደሚፈለግ አስቡት። ጭንቀት ሲበዛ የማይደናገጥ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር ይላሉ አብረውት የነበሩ። የመትረየስ ሻምበል አዛዥ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በጋ ደግሞ የመላው ሻለቃ አዛዥ። ከዚያ በፊት ጥቁር ሰው ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበትን የአሜሪካውያን ጦር አዝዞ አያውቅም። አሜሪካ ራሷ በጦሯ ውስጥ ዘር እንዳይለይ ያዘዘችው በፈረንጆቹ 1948 ነው።

ስቲቭ ኔልሰን የሚባል አናጢ የነበረ የሻለቃው ኮሚሳር (የፖለቲካ ሹም) የተረከው አንድ ነገር አለ። አንድ የአሜሪካ ጦር ኮሎኔል ምሽጉን ሊጎበኝ መጣ። ሎው የሻምበል አዛዥነት ምልክቱን ለብሶ ቆሟል። ኮሎኔሉ ደነገጠና፣ ሻምበል ሆነህ ለብሰሃልሳ ይለዋል። ሎው ተረጋግቶ መለሰ፤ በአሜሪካ ጦር ቆዳዬ ጥቁር ስለሆነ ከአሥር አለቃ ማለፍ አልቻልኩም፣ እዚህ ግን ሰው በችሎታው ነው የሚሾመው፣ ስለዚህ ሻምበል ነኝ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ።

ሎውን ምሽጉ ውስጥ ትተን ወደ ጉዋዳላሃራ እንሂድ፤ ማርች 1937 ነው። ሙሶሊኒ የራሱን ድል ፈለገ። ከ30 ሺህ በላይ ጣሊያናዊ፣ ካሚዮንና ታንክ ይዞ ማድሪድን ከሰሜን ምሥራቅ ሊከብ ማርች 8 ተንቀሳቀሰ። በረዶና ዝናብ ወረደ። ካሚዮኑ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፎ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። የፍራንኮ ወገን አውሮፕላን ከጭቃ ሜዳ መነሣት ሲያቅተው፣ የሪፐብሊኩ ከተሻለ ሜዳ ተነሥቶ ያንን የቆመ ሰልፍ ወረደበት።

በሪፐብሊኩ ወገን ደግሞ የጋሪባልዲ ሻለቃ አለ፤ ሁሉም ጣሊያናውያን ናቸው። የሙሶሊኒን እስር ቤት ያዩ፣ አገር አልባ የሆኑ ሠራተኞች። ጣሊያን ከጣሊያን ጋር ተፋጠጠ። ጫካው ውስጥ የሁለቱ ወገን ቃፊሮች መጀመሪያ ሲገናኙ ቋንቋው አንድ ስለሆነ ተደናገሩ። ከዚያ ድምፅ ማጉያ መጣ። ከምሽግ ወደ ምሽግ በጣሊያንኛ፦ ወንድሞች፣ ከእስፔን ድሃ ጋር ምን ጠብ አላችሁ፣ ኑ ወደ እኛ፣ እያሉ ተጣሩ። ወረቀት ከአውሮፕላን በተኑ። ኢባራ የሚባለውን ግንብ ማርች 14 ቀን ጋሪባልዲዎች ተዋግተው ያዙት። ከተማረኩት አንዳንዶቹ ሲጠየቁ ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? እኛ የተመዘገብነው ኢትዮጵያ ሄደን ልንሠራ ነበር አሉ። ሥራ ያጣ የደቡብ ጣሊያን ገበሬ፣ በእኛ መሬት ላይ ደመወዝ ተስፋ ተሰጥቶት፣ ራሱን ጉዋዳላሃራ ጭቃ ውስጥ አገኘው። የሙሶሊኒ ጦር ተሰብሮ ሸሸ። አዲስ አበባ ገብቻለሁ ብሎ የፎከረው ፋሺዝም በአውሮፓ ምድር የቀመሰው የመጀመሪያው ሽንፈት ነው።

በዚያ ውጊያ ጋሪባልዲዎችን ከመሩት አንዱ ኢሊዮ ባሮንቲኒ ነው። የሊቮርኖ ሰው ነው፣ የባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ ያኔ ዕድሜው አርባ ስድስት። ይህንንም ሰው አትርሱት።

ሳላሪያ ኪ ከአሜሪካ የተነሣችው በዚያው ማርች ነው። በአገሯ ጎርፍ የተጎዱትን ልርዳ ብላ ስታመለክት በቀለሟ ምክንያት አልተቀበሏትም ነበር፤ እስፔን ተቀበለቻት። የተመደበችበት ሆስፒታል ቪያ ፓስ ይባላል፤ የተሰደደው የንጉሥ አልፎንሶ ቤተሰብ የበጋ ማረፊያ ነበር። በንጉሥ ቤተሰብ መኝታ ቤት የማዕድን ቆፋሪ ቁስለኛ ተኛበት። አንድ ቀን ብርዱ በረታ። ደም የፈሰሳቸው ቁስለኞች መጡ፤ ሰውነታቸው ቀዝቅዟል፣ ካልሞቁ ይሞታሉ። ሙቅ ውሃ የለም። ሳላሪያ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ለእራት የተጣደ ትኩስ ሾርባ አለ። የውሃ መያዣ ላስቲኮቹን በሾርባው ሞልታ በየቁስለኛው ብርድ ልብስ ሥር አስገባች። እዚያው ቪያ ፓስ ጆን ኦራይሊ የተባለ የአየርላንድ ወዶ ዘማች፣ አምቡላንስ ነጂ አገኘችና በጦርነቱ መሐል ተጋቡ። በአሜሪካ ብዙ ክፍላተ ሀገር ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጋብቻ በሕግ የተከለከለ ነበር።

አሁን ብሩኔቴ። ጁላይ 1937፣ ከማድሪድ ምዕራብ። ሙቀቱ ሰው ይጥላል፤ ወንዙ ደርቋል፤ ወታደሩ የወንዙን አሸዋ እየቆፈረ እርጥበት ይፈልጋል። ሊንከኖች መንደር ከያዙ በኋላ የወባ ትንኝ ሸንተረር ብለው የሰየሙትን ከፍታ እንዲይዙ ተላኩ። ሎው አዛዥ ነው። አዛዥ ከኋላ መሆን ይችላል፤ እሱ ግን ከፊት ሆኖ፣ ኑ ተከተሉኝ እያለ ሽቅብ ሮጠ። እዚያ ተመታ። ዕድሜው ሠላሳ ሰባት ገደማ ነበር። ጓዶቹ እዚያው አካባቢ ቀበሩት።

አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላዋል፣ ሳልናገር አላልፍም። በተቃራኒው ምሽግ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ የሞሮኮ ልጆች ናቸው። በሪፍ ተራራ እስፔን ራሷ በጋዝ ያጠቃችው ሕዝብ ልጆች፣ በድርቅና በድህነት ለፍራንኮ ደመወዝ የተመዘገቡ፤ ቁጥራቸው ከ70 ሺህ ያላነሰ። ሪፐብሊኩ ለሞሮኮ ነፃነት ቢያውጅ ኖሮ ስንቱ ጠብመንጃውን ባዞረ! አላወጀም፤ ፈረንሳይን እንዳያስቀይም ፈራ። ኦሊቨር ሎውን የመታው ጥይት ከየትኛው ጠብመንጃ እንደወጣ አይታወቅም፤ ግን አፍሪካዊ ድሃ ከአፍሪካዊ ድሃ ልጅ ጋር በዚያ ሸንተረር ላይ ተታኩሷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላረዝምም። ቴሩኤል በበረዶ፣ አራጎን በሽሽት፣ ኤብሮ በሙቀት አለፉ። ሜሪማን በአፕሪል 1938 ጋንዴሳ አካባቢ ጠፋ፤ አስከሬኑ አልተገኘም። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1938 የሪፐብሊኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔግሪን ጄኔቭ ሄደው፣ ጃንሆይ በቆሙበት በዚያው የመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ የውጭ ወዶ ዘማቾቼን ሁሉ አሰናብታለሁ አሉ። እኔ ሳሰናብት እነ ሙሶሊኒም ያወጡ ይሆናል የሚል ተስፋ ነው። ማኅበሩ አሁንም የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ኦክቶበር 28 ባርሴሎና ላይ የመሰናበቻ ሰልፍ ሆነ። ሕዝቡ አበባ ረጨ፣ ሴቶች ከሰልፉ እየገቡ ወንዶቹን አቀፉ። ዶሎሬስ ኢባሩሪ፣ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ፣ የእስፔን እናቶች ስለእነዚህ ሰዎች ለልጆቻቸው እንዲነግሩ አደራ አለች። ከአምስት ወር በኋላ ማድሪድ ወደቀች።

ወደ አገራቸው የተመለሱት ምን ገጠማቸው? ጄምስ ዬትስ ቁስለኛ ሆኖ ኒው ዮርክ ወረደ። አብረውት ከመጡት ነጭ ጓዶች ጋር ሆቴል ገቡ። ጸሐፊው መዝገቡን አየ፣ ዬትስን አየ፣ ለእሱ ክፍል የለንም አለ። ዬትስ ሲጽፍ ይህ ቃል እንደ ጥይት ጠልቆ እንዳመመው ይናገራል። ጓዶቹ ግን አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ሻንጣቸውን አነሡና ሁሉም ከሆቴሉ ወጡ። ፓስፖርታቸውን የተነጠቁ አሉ፤ ለዓመታት ፖሊስ የተከተላቸው አሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ዘመቱ፤ ፋሺስትን ቀድመው በመዋጋታቸው ሲጠረጠሩ ኖሩ።

ባሮንቲኒን አትርሱት ብያችሁ ነበር። እስፔን ስትሞት እሱ ገና አልደከመውም። ወዴት የሄደ ይመስላችኋል? ወደ ጎጃም!

በፈረንጆቹ 1938 መጨረሻና በ1939 ሦስት ጣሊያናውያን ፀረ ፋሺስቶች በሱዳን በኩል ሾልከው ኢትዮጵያ ገቡ። አንዱ ባሮንቲኒ ነው። ሁለተኛው የላ ስፔዚያው ሮላ፣ ሦስተኛው ከትሪዬስት አጠገብ የተወለደ ስሎቬን የባቡር ሠራተኛ አንቶን ኡክማር። ሦስቱም ከእስፔን ጦር ሜዳ የመጡ ናቸው። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀ የጣሊያንን ጦር መግቢያ መውጫ ባሳጡበት በዚያ ዘመን፣ እነዚህ ጣሊያንኛ ተናጋሪዎች ከአርበኛው ጋር ሊሰለፉ መጡ። ሦስቱ ሐዋርያት ተባሉ፤ ባሮንቲኒ ጳውሎስ፣ ሮላ ጴጥሮስ፣ ኡክማር ዮሐንስ። የጃንሆይን የመታመኛ ደብዳቤ ይዘዋል። በእስፔን የተማሩትን የደፈጣ ውጊያ አስተማሩ፤ በአማርኛና በጣሊያንኛ የአበሾች ድምፅ የሚል ጋዜጣ በእጅ ማባዣ እያተሙ በተኑ። እንደ ጉዋዳላሃራው ሁሉ ለጣሊያን ወታደር በራሱ ቋንቋ ነው የተናገሩት።

አስቡት እስቲ፤ ጣሊያን መንደር አቃጥሎ ባለፈበት በዚያ ጊዜ ነጭ ሆኖ፣ ጣሊያን ሆኖ የጎጃም አርበኛ መሐል መግባት! አርበኛው ያየውን ነጭ ሁሉ በጠላትነት ቢጠረጥር ምን ይፈረድበታል? ሆኖም አርበኛው አመናቸው፣ አስጠለላቸው፣ በርሃብና በወባ መሐል አብሯቸው ዞረ። አንድ ሕዝብ ከሙሶሊኒ የተላከውን ጣሊያንና ከሙሶሊኒ የሸሸውን ጣሊያን ለይቶ ማወቁ ለእኔ ከጀግንነቱ የማይተናነስ ሥራ ነው። ይህ ታሪክ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ሰፊ ቦታ ይገባው ነበር።

በፈረንጆቹ 1940 ሦስቱም ወደ ሱዳን ወጡ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ እነሱ ቀጣዩን ጦርነት እያሰቡ ነበር። ባሮንቲኒ በፈረንጆቹ 1943 አገሩ ገብቶ በቦሎኛ ከተማና በዙሪያዋ የሽምቅ ተዋጊዎችን አደራጀ፤ ጎጃም ላይ የዋለው ዕውቀት ለጣሊያን ሠራተኛ ተረፈ። ከነፃነት በኋላ ሕገ መንግሥቱን ባወጣው ጉባኤ ተመረጠ፣ ሴናተርም ሆነ፤ በጃንዩዋሪ 1951 በመኪና አደጋ ሞተ። ኡክማር፣ የጎጃሙ ዮሐንስ፣ በጄኖቫ ጀርባ ባሉት ተራሮች ሚሮ በሚል ስም የስድስተኛው ቀጠና ፓርቲዛኖች አዛዥ ሆነ። በአፕሪል 1945 ከተማዋ ተነሣች። የወደብና የፋብሪካ ሠራተኞች መንገዱን ያዙ፤ የእሱ ሰዎች ደግሞ የተራራውን መውጫ ዘጉ። የጀርመን ጦር አዛዥ ጄኔራል ማይንሆልድ መሄጃ አጣ። አፕሪል 25 ቀን እጁን ሲሰጥ ወረቀቱን ከወዲያ በኩል የፈረመው ጄኔራል አልነበረም፤ ሬሞ ስካፒኒ የሚባል ሠራተኛ ነበር።